ዜናና ተረት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፦ ተማሪዎችና ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ መሠረታዊ ቃላት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ተማሪዎች ከሚለማመዷቸው የጽሑፍ ዓይነቶች መካከል ዜና መዘገብና ታሪክ መተረክ ይገኙበታል። ሁለቱም ስለ አንድ ድርጊት ይናገራሉ፤ ሁለቱም ሰው፣ ቦታና ጊዜ አላቸው። ይሁን እንጂ ዜና ጸሐፊ ለጻፈው ነገር እውነተኛነት ሲጠየቅ፣ ተራኪ የሚጠየቀው ትረካው አድማጩን ይዞ ስለ መዝለቁ ነው። ቃላቱን በሚገባ ያልለየ ተማሪ ዜና እንዲጽፍ ታዝዞ ተረት፣ ታሪክ እንዲተርክ ታዝዞ ደረቅ ዘገባ ጽፎ ይገኛል። ቋንቋው የተስተካከለ ቢሆንም እንኳ የተጠየቀውን ስላልመለሰ ነጥብ ያጣል።

ይህ ማብራሪያ በጅጅጋ፣ በደምበል፣ በሽንሌ፣ በቶጎ ውጫሌና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች ለሚገኙ ተማሪዎችና ወላጆች የተዘጋጀ ነው። በእነዚህ ከተሞች ያለ ልጅ በአብዛኛው በቤቱ ሶማልኛ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጨመሩለታል። እንግሊዝኛ የማያውቁ ወላጆች በዚህ ትምህርት ልጃቸውን መርዳት የማይችሉ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን ቃላቱ የሚገልጿቸው ሐሳቦች አብዛኞቹ በአካባቢው ባህል የቆዩ ስለሆኑ የወላጅ ድርሻ ከሚገመተው በላይ ነው።

«ስቶሪ» የሚለው ቃል

የመጀመሪያው መደናገር የሚመጣው ከራሱ ከእንግሊዝኛው ነው። «ስቶሪ» ማለት ተረት ወይም ልብ ወለድ ታሪክ ማለት እንደሆነ ተማሪዎች ቀደም ብለው ይማራሉ። በጋዜጠኞች ዘንድ ግን አንድ የተጣራ የዜና ዘገባም «ስቶሪ» ይባላል። ጋዜጠኛው «ስቶሪ ላከ» ሲባል ፈጠራ ጻፈ ማለት አይደለም፤ ዘገባውን ለዝግጅት ክፍሉ አደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ በፈተና ወይም በክፍል ሥራ «ኒውስ ስቶሪ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ተማሪው ሊይዘው የሚገባው «ኒውስ» የሚለውን ቃል ነው።

ሶማልኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። ወሬና ዜና «ዋር»፣ ተረትና ትረካ «ሼኮ» ይባላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አማርኛም ዜናንና ተረትን ይለያል፤ «ታሪክ» የሚለው ቃል ግን ያለፈውን የአገር ታሪክም፣ የልብ ወለዱንም ታሪክ ስለሚጠራ እንደ እንግሊዝኛው ማስተዋልን ይጠይቃል።

መምህራን በጊዜ ሊያስጠነቅቁበት የሚገባ ሌላ ጉዳይም አለ። ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ይህ የአጻጻፍ ሥርዓት በሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ የጸደቀ ሲሆን በክልሉ ትምህርት ቤቶችም ይሠራበታል። ሶማልኛው «ዋር» በላቲን ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ጦርነት ከሚለው ቃል ጋር በሦስቱም ፊደላት አንድ ነው። አንድ ልጅ በጋዜጣ ርዕስ ላይ ይህን ቃል አይቶ «ዜና» ብሎ ቢያልፈው የሚያነበው ስለ ጦርነት መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል። ፊደሉን አስቀድሞ ማወቁ ለልጁ ትልቅ ብርታት ነው፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ትርጉሙም አንድ ነው ብሎ እንዳያስብ ግን መመከር ይኖርበታል።

ከሰላምታው የሚጀምር ዘገባ

በሶማሌ ባህል ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላም መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ «ኢስካ ዋራን» ይባላል። ይህ ሰላምታ በቀጥታ ሲፈታ «ስለ ራስህ ወሬ ንገረኝ» እንደ ማለት ነው። ተጠያቂው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ የዝናቡንና የገበያውን ሁኔታ ይናገራል። የክልሉ የሰሜን ጎረቤት በሆነው የአፋር ሕዝብ ዘንድ ደግሞ «ዳጉ» በመባል የሚታወቅ የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት አለ፤ በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይነጋገራሉ።

ለእንግሊዝኛው ትምህርት ከሁሉም የሚቀርበው ግን «ሳሃን» የሚባለው የአርብቶ አደሩ ልማድ ነው። ቤተሰቡ ከብቱን ይዞ ከመንቀሳቀሱ በፊት ግጦሽና ውሃ ያለበትን ቦታ አይቶ የሚመለስ ሰው ይልካል። ሰውየው ሲመለስ ሽማግሌዎች በጥያቄ ይይዙታል። ሣሩን በዓይንህ አይተሃል ወይስ ነገሩህ? ዝናቡ የዘነበው መቼ ነው? ውሃው ለስንት ቀን ይበቃል? በዚያ የሰፈረ ሌላ ሰው አለ ወይ? የተሳሳተ መልስ መንጋውን ሊያስጨርስ ስለሚችል ጥያቄው ቀላል አይደለም።

በእንግሊዝኛ ክፍል «ፋይቭ ደብልዩስ» ተብለው የሚሰጡት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። አምስቱም በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ስለሆነ ይህ ስም ተሰጣቸው፤ «እንዴት» የሚለው ስድስተኛ ሆኖ ይጨመራል። «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ነገሩህ?» የሚለው የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ደግሞ «ሶርስ» ማለትም ምንጭ የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ ይገልጸዋል። ድርጊቱን ራሱ ያየ ሰው የዓይን ምስክር ነው፤ ከሌላ የሰማ ሰው ግን ከማን እንደሰማ መናገር አለበት። ወላጅ ይህን ልዩነት ለልጁ በሶማልኛ ካስረዳው መምህሩ የሚያስተምረው ቃሉን ብቻ ይሆናል።

የዜና ክፍሎች

የዜና ርዕስ «ሄድላይን» ይባላል። አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ ያለፈ ድርጊት እንኳ በርዕሱ ላይ ብዙውን ጊዜ በአሁን ጊዜ ግሥ ይጻፋል። ተማሪዎች ይህን አይተው የዜናውን ሐተታም በአሁን ጊዜ መጻፍ ይጀምራሉ፤ ሐተታው ግን በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል። ከርዕሱ ሥር የጸሐፊው ስም የሚሰፍርበት መስመር «ባይላይን»፣ ዘገባው የተላከበት ከተማ ስም የሚገባበት መስመር «ዴትላይን» ናቸው።

የመጀመሪያው አንቀጽ «ሊድ» ይባላል፤ ተማሪዎች ከሁሉም በላይ የሚቸገሩት በዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ በደምበል አንድ የውሃ ጉድጓድ አገልግሎት መጀመሩን እንድትዘግብ ታዘዘች እንበል። «ከብዙ ዘመን በፊት ሰዎች ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዱ ነበር» ብላ ብትጀምር አጀማመሩ ለትረካ ያምራል፤ ዜና ግን አይሆንም። የዜናው ሊድ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ማን የቆፈረው ጉድጓድ ሥራ እንደጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት። ሴቶቹ ቀድሞ ይሄዱት የነበረው መንገድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አስፈላጊው ከላይ፣ ማብራሪያው ከታች የሚሆንበት ይህ አደራደር «የተገለበጠ ፒራሚድ» ይባላል። አንባቢው ሁለት መስመር ብቻ አንብቦ ቢያቆም እንኳ ዋናውን ነገር ይዞ ይሄዳል።

የተናገረው ሌላ፣ የዘገበው ሌላ

ሰው የተናገረውን ቃል በቃል በትእምርተ ጥቅስ ማስፈር «ኮት» ወይም «ዳይሬክት ስፒች»፣ በዘጋቢው አነጋገር መልሶ ማቅረብ ደግሞ «ሪፖርትድ ስፒች» ይባላል። ይህ ክፍል ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ስሕተቱ ከሰዋስው አልፎ መልእክቱን ስለሚለውጥ ነው።

በአማርኛ «ባለሙያዋ ነገ እመለሳለሁ አለች» ይባላል። ተናጋሪዋ የተጠቀመችበት «እኔ» በዘገባው ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ሰሚውም አይሳሳትም። ይህን አነጋገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞር ተማሪ ግን «እኔ» የሚለውን ሳይለውጥ ያስገባዋል፤ የሚመለሰው ተማሪው ራሱ ይሆናል ማለት ነው። እንግሊዝኛው «እኔ» የነበረውን «እርሷ» አድርጎ፣ ግሡንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሶ ነው የሚዘግበው። ሶማልኛ በዚህ ከእንግሊዝኛ ጋር ይቀራረባል። «ኢኑ» በሚለው አያያዥ ሲዘገብ ተውላጠ ስሙ ወደ ሦስተኛ መደብ ይለወጣል። ስለዚህ መምህሩ ለሶማልኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ምሳሌውን ከሶማልኛ ቢያመጣ ትምህርቱ ይቀላል።

«ነገ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ይለወጣል። የእንስሳት ክትባት ባለሙያ ሰኞ ቀን «ነገ እንመጣለን» ብሎ፣ ዘገባው ረቡዕ ቢነበብ፣ «ነገ» የተባለው ቀን ካለፈ ቆይቷል። እንግሊዝኛው «በማግሥቱ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይተካዋል፤ ጥንቃቄ ያለው ዘጋቢ ደግሞ «ማክሰኞ» ብሎ ቀኑን ይጠራል። ከብቱን ይዞ የሚጠብቅ ቤተሰብ የሚፈልገው የቀኑን ስም ነው።

የተናጋሪውን ማንነት መግለጽ «አትሪቢዩሽን» ይባላል። በአማርኛ «ተባለ» እና «ይባላል» የሚሉት ቃላት ተናጋሪውን ለመሰወር ምቹ ናቸው፤ በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ አነጋገር አለ። ድንበሩ ሊዘጋ ነው ተባለ፣ የስኳር ዋጋ ሊጨምር ነው ተባለ የሚል ወሬ በቶጎ ውጫሌ ገበያ በአንድ ጠዋት ነጋዴውን ሁሉ ሊያውክ ይችላል። የዜና ትምህርት ተማሪውን የሚያለማምደው «ማን አለ?» ብሎ መጠየቅን ነው። በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሥራ ላይ በመሆኑም፣ ያልተጣራን ነገር እንደ ተጣራ አድርጎ ማሰራጨት በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ወጣቶች ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የተረት ቃላት፣ በገራድ ዊልዋል ታሪክ

የሶማሌ ተረት ነጋሪ «ሼኮ ሼኮ» ብሎ ሲጀምር አድማጮች «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይመልሳሉ፤ የሐር ትረካ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ይባላል። እንግሊዝኛውም «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» የሚል የታወቀ መክፈቻ አለው። ሦስቱም አድማጩን ከዚህ በኋላ የሚመጣውን በዜና ሚዛን እንዳይመዝን ያሳስቡታል።

ለትረካ ቃላት ማስተማሪያ የሚሆን በጅጅጋ አካባቢ ከሚነገሩት ሁሉ የታወቀ ታሪክ የገራድ ዊልዋል ነው። ገራድ ዊልዋል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው የኖሩ መሪ ሲሆኑ የጅጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። በተረቱ እንደሚነገረው ገራዱ በሥራቸው ያሉ ወንዶች እያንዳንዳቸው ከበግ ሥጋ ሰውን ሊያለያይ ወይም አንድ ሊያደርግ የሚችለውን ክፍል እንዲያመጡላቸው አዘዙ። ሌሎች የሰባውን ብልት ይዘው ቀረቡ። አንድ ድሃ ግን የሴት ልጁን ምክር ሰምቶ ጉሮሮውን ወሰደ። በዚያ ሁሉ ሙዳ ሥጋ መካከል ጉሮሮ ማቅረብ አሳፈረው። ገራዱ ግን ያን ሲያዩ ተደሰቱ፤ ምክሩ የማን እንደሆነም ጠየቁ። ጉሮሮ የሚገኘው ምግብ ከተካፈሉበት ያስማማል፣ ከተስገበገቡበት ያጣላልና ልጅቱ እንቆቅልሹን ፈትታዋለች።

በዚህ ታሪክ ላይ የክፍሉን ቃላት ማስቀመጥ አያስቸግርም። ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ «ሴቲንግ» ነው፤ አማርኛው «መቼት» ይለዋል፤ «መቼ» እና «የት» ተገጣጥመው የተሠራ ቃል ስለሆነ ትርጉሙን በራሱ ይናገራል። ገራዱ፣ ድሃውና ልጁ «ካራክተር» ወይም ገጸ ባሕርያት ናቸው። ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የተያያዙበት መንገድ «ፕሎት» ይባላል። በአማርኛ «ሴራ» ነው፤ የሚገርመው ሁለቱም ቃላት በየቋንቋቸው በምስጢር የሚመከርን ተንኮልም ይጠራሉ። ድሃው በእፍረትና በልጁ ምክር መካከል መወጠሩ «ኮንፍሊክት» ማለትም ግጭት ነው። ግጭት የግድ ዱላ መማዘዝ እንዳልሆነ ተማሪዎች እዚህ ላይ ያስተውላሉ። ጉሮሮውን ከገራዱ ፊት የሚያኖርባት ቅጽበት «ክላይማክስ» ወይም ጡዘት ስትሆን፣ የእንቆቅልሹ መፈታት «ሬዞሉሽን» ወይም ልቀት ነው። ታሪኩን የሚነግረን ድምፅ «ናሬተር»፣ ተራኪ ይባላል።

ይኸው ታሪክ በዜና መልክ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ርዕሱ «የድሃ አርብቶ አደር ልጅ የገራድ ዊልዋልን እንቆቅልሽ ፈታች» ይላል። ሊዱም ጉሮሮ መቅረቡን በመጀመሪያው መስመር ይናገራል። አንባቢው ሁሉንም አወቀ፤ ድሃው በሰልፉ መካከል ቆሞ ያፈረው እፍረት ግን ጠፋ። ትረካ የሚያቆየውን ነገር ዜና አስቀድሞ ይሰጣል። ክፍሉ አንዱን ታሪክ በሁለቱም መንገድ እንዲጽፍ ቢታዘዝ ብዙ ቃል ከመሸምደድ የተሻለ ይማራል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ለልጆች ታትሟልና መጽሐፉን ያገኘ መምህር ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ማስነበብ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገራድ ዊልዋል በእውነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ የጉሮሮው ነገር ግን ተረት ነው። እውነተኛ ሰው የሚገኝበት ታሪክ ሁሉ የተጣራ ዜና አይሆንም። ዘጋቢ ስለ ገራዱ ቢጽፍ «በአካባቢው እንደሚተረከው» የሚል ቃል ማስገባት ግዴታው ነው፤ ተረት ነጋሪዋ አያት ግን ይህ ግዴታ የለባትም።

ጅጅጋ፣ እ.ኤ.አ. 1935

ዜናና ልብ ወለድ ከአንድ ሰው ብዕር እንዴት እንደሚወጡ የሚያሳይ ታሪክ ጅጅጋ ላይ አለ። የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት ኤቭሊን ዎ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በነሐሴ ወር ከባልደረባው ከፓትሪክ ባልፎር ጋር በሐረር በኩል ጅጅጋ ወረደ፤ በዚያም አንድ ፈረንሳዊ ባላባት በስለላ ተጠርጥሮ መታሰሩን ሰማ። ሌላ ዘጋቢ ያላገኘው ዜና ስለነበር ደስ አለው። እንዲህ ያለው ቀድሞ የተገኘ ዜና በእንግሊዝኛ «ስኩፕ» ይባላል። በዚያው ሰሞን ግን ፍራንሲስ ሪኬት ለተባለ ሰው ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መሰጠቱ በአዲስ አበባ ታወቀ። ዓለምን ያነጋገረውን ይህን ዜና ያወጡት እዚያው የነበሩ ሌሎች ጋዜጠኞች ነበሩ። ዎ ስኩፕ ይዣለሁ ሲል ትልቁ ስኩፕ አመለጠው።

በ1936 ስለ ጉዞው ያየውን የሚዘግብ መጽሐፍ አወጣ። በ1938 ደግሞ ያንኑ የጋዜጠኞች ግርግር «ስኩፕ» የሚል ልብ ወለድ አደረገው፤ በዚህኛው አገሪቱም ሰዎቹም በፈጠራ ስም ይጠራሉ። ልብ ወለዱ አገሪቱንና ጋዜጠኞቹን በፌዝ የሚያይ ስለሆነ የኢትዮጵያን ሁኔታ ለማወቅ አይነበብም። በሌላ በኩል፣ የሕይወት ታሪካቸው እንደሚለው የጅጅጋን ከተማ ፕላን ያወጡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የተሰኘውን ተውኔት ጽፈዋል። እንስሳትን እያናገሩ ሰውን የሚተቹ እንዲህ ያሉ አጫጭር ታሪኮች በእንግሊዝኛ «ፌብል» ይባላሉ።

በቤትና በክፍል

የእንግሊዝኛ ዜና ለማንበብ ከ1935 ዓ.ም ጀምሮ የሚታተመው ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ ምቹ ነው። ተማሪው አንድ አጭር ዜና መርጦ ሊዱን ያስምርበት፤ ስድስቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ ይቁጠር፤ በዘገባው ውስጥ የተናገሩትን ሰዎች ስም ለይቶ ይጻፍ። ያልተመለሰ ጥያቄ ካገኘ ጥሩ ነው፤ ዘጋቢው ያልጠየቀውን ነገር አገኘ ማለት ነውና።

ጋዜጣ በማይደርስበት ሬዲዮ ይበቃል። ወላጅ በሶማልኛ የተላለፈውን ዜና ከልጁ ጋር ሰምቶ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብሎ በሶማልኛ ይጠይቀዋል፤ ልጁም መልሱን በአጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ይጽፋል። አያት በቤት ካለች ማታ የነገረችውን ተረት በማግሥቱ ይጽፋል። በዚህኛው ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አድማጩ «ከዚያስ?» ብሎ የጓጓው የትኛው ቦታ ላይ ነው?

መምህራን ሲያርሙ ከፊደልና ከግሥ ስሕተት በፊት ጽሑፉ የተጠየቀው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ቢያመለክቱ ይመረጣል። ወላጆችም የልጃቸው የጽሑፍ ውጤት ዝቅ ያለበትን ምክንያት ማወቅ ሲፈልጉ የታረመውን ደብተር ይዘው ወደ እንግሊዝኛ መምህሩ በመቅረብ፣ ችግሩ የቋንቋ ነው ወይስ ዜናና ትረካን አለመለየት ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ሁለተኛው ከሆነ አብዛኛው ሥራ በሶማልኛ፣ በቤት ሊሠራ የሚችል ነው።